የሌሊት ልጓም

ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር የቆመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይቦረቦራል፣ ይሸረፋል፣ ሲብስም ይነቀላል እንጂ ከተተከለበት ተነስቶ ይሄዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ይሄዳል። ከመንጋጋ አጥንት ጋር ያያያዘው ሲሚንቶ አይደለም፤ በሥሩ ዙሪያ የተወጠረ የቀጫጭን ክሮች መረብ ነው። የመረቡ ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የአያቶቻችንን የጠፍር አልጋ የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ጥርስ ማለት በጠፍሩ ላይ የተጋደመው ሰውዬ ነው። በአንድ ወገን በቀስታ፣ ግን ያለማቋረጥ ሲገፉት፣ ከፊቱ ያለውን አጥንት እየበሉ መንገድ የሚከፍቱለት ሕዋሳት አሉ። ከኋላው በሚተወው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ አጥንት የሚገነቡ ሌሎች ሕዋሳት ይሰማራሉ። አፍራሽና ገንቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ማለት ነው። ጥርሱም በዚህ ዓይነት በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሚሊሜትር ምን አላት የሚል ካለ፣ ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲጓዝ የኖረ ማመልከቻ ስላለኝ ላሳየው እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ አፌን በሽቦ ካሳጠርኩ በኋላ ነው። ስለ ሽቦው ብዙ አልናገርም። ሽቦ ዘመድ አለው፤ ያየ ሁሉ «አይዞሽ» ይላል፣ «ስንት ወር ቀረሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ የማወጋው ሽቦው ከወለቀ በኋላ ስለሚመጣውና ማንም «አይዞሽ» ስለማይልበት ነገር ነው።

ቢሆንም ምክንያቱን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ገጣጣ ነበርኩ። ቃሉን አለዝበው «የፊት ጥርሶቿ ትንሽ ወጣ ያሉ ናቸው» የሚሉ ደጎች አይጠፉም፤ በእኛ ሰፈር ግን ደግ አልበዛም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ወደ ፊት አዘንብለው፣ በመካከላቸው ደግሞ የእናቴን ፍንጭት ይዘው ነበር። ከንፈሬ ያለ ትእዛዝ አይገጥምም። ሳቅ ሲመጣብኝ እጄ ከሳቁ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል፤ ነጠላ የለበስኩ እንደሆነ ደግሞ የነጠላዬ ጫፍ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ለዜና አንባቢነት በተወዳደርኩበት አንድ ጣቢያ፣ ፈታኙ ድምፄን ካደነቀ በኋላ ፊቴን አየት አድርጎ «አንቺ እኮ ለሬዲዮ የተፈጠርሽ ነሽ» አለኝ። ጣቢያው የቴሌቪዥን ነበር፤ ሬዲዮ አልነበረውም። ለሽቦው የሚሆነውን ገንዘብ ያጠራቀምኩት እንግዲህ ለመጽሔቶች በፍሪላንስ እየጻፍኩ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ከዚህ ቃል ውስጥ «ፍሪ» የሚለውን ብቻ ስለሚሰሙ ጥቂት ዓመታት ፈጀብኝ።

ሽቦውን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ታሰርኩት። የወለቀ ቀን ምላሴን በጥርሶቼ ላይ አሻሸሁ፤ የተላጠ እንቁላል ነበር የሚመስለው። ሐኪሙ መስታወት ሰጡኝና እስክጠግብ ካዩኝ በኋላ፣ ከመሳቢያቸው አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን አወጡ። «እንግዲህ ዋናው ሥራ አሁን ተጀመረ» አሉኝ። በሣጥኗ ውስጥ ያለው የአፌን ጣሪያ ቅርጽ የያዘ ሮዝ ፕላስቲክ ነበር፤ ከፊቱ ጥርስ አቅፎ የሚይዝ አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ከጎንና ከጎኑ ደግሞ ሁለት መንጠቆ አለው። የታችኛውን ቀደም ሲል ጨርሰውት ኖሯል፤ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ፣ ከስድስቱ ጥርሶች ጀርባ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የተገመደ ሽቦ ለጥፈውብኛል።

«ይህ ደግሞ እስከ መቼ ነው ዶክተር?»

«ጥርሶችሽ ባሉበት እንዲቆዩ እስከፈለግሽ ድረስ።»

በሐኪሞቹ አጠራር ስሙ ሪቴይነር ነው። የአማርኛ ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። ማታ ቤት ገብቼ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችውና፣ «ይኼማ ልጓም ነው» አለች። የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ በቅሎ ነበራቸው፤ ልጓም አይጠፋትም። «ማን ነው ያጠለቀልሽ?» ስትለኝ ኦርቶዶንቲስቱ መሆናቸውን ነገርኳት። «ሃይማኖቱን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ በቤታችን ልጓም ነው የሚባለው። ስም ከሥራ ሲገጥም ደስ ይላል። ልጓም በቅሎዋን ወደፊት አይጎትታትም፤ ወደ ፈለገችበት እንዳትሄድ ብቻ ነው የሚይዛት። ሪቴይነርም ጥርስ አያስተካክልም፤ የተስተካከለው ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ይይዘዋል። ጥርስ ደግሞ መመለስ ይወድዳል። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው የጠፍር መረብ እንደገና ተሠርቶ እስኪረጋ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። በድዱ ውስጥ ያሉት ክሮች ግን እንደተለጠጠ ላስቲክ ሆነው ጥርሱን ወደ ጥንት ቦታው ሲስቡት ዓመት ሊሞላቸው ይችላል። በዚህ ላይ ዕድሜ ራሱ አለ፤ ሽቦ አስሮ የማያውቅ ሰው እንኳ እያደር የታች የፊት ጥርሶቹ ይጣበባሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቆያውን የተዉ ሰዎችን አሥርና ሃያ ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙት የሚያጽናና አይደለም፤ የአብዛኞቹ የታች ጥርሶች ተመልሰው ተዛንፈዋል። እንግዲህ ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ ማኅተም የለውም ማለት ነው። በየሌሊቱ ይታደሳል።

ይህችን ሮዝ ጠፍጣፋ ዓይነት ለዓለም ያስተዋወቀው ቻርለስ ሀውሊ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919። ከዚያ ወዲህ ስንቱ መሣሪያ መጣ፣ ስንቱ ተሻረ፤ እርሷ ግን ያንኑ ሽቦ ይዛ መቶ ዓመት ተሻገረች። ዛሬ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለች፣ ጥርሱን እንደ ጓንት የምታለብስ ሌላ ዓይነትም አለች፤ አንዲት ጓደኛዬ እርሷን ነው የምታደርገው። አይታይባትም፤ ቅናት ቢጤ ይዞኝ ነበር። አንድ ቀን እርሷን እንዳጠለቀች አልጫ በላችና ብርጭቆዋ የእርድ ቀለም ይዛ ቀረች። የሞቀ ውኃማ ፈጽሞ አትወድም፤ ትጣመማለች። የእኔዋም ብትሆን የምትታጠበው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የምራቅ ሳምንት ነው። አፍ የገባለትን ሁሉ ምግብ አድርጎ ነው የሚቀበል፤ ፕላስቲኳንም ምሳ መስላው ምራቁን ያፈስሳል፣ ያፈስሳል። ትራሴ ርሶ ይነጋል። ጠዋት ጠዋት የፊት ጥርሶቼን የሆነ ሰው ሌሊቱን በሁለት ጣቱ ይዟቸው ያደረ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥም ተይዘው ነው ያደሩት።

ቀጥሎ ንግግር መጣ። አማርኛ የምላስ ጫፍና የላንቃ ቋንቋ መሆኑን ያወቅኩት ላንቃዬ በፕላስቲክ ከተለበጠ በኋላ ነው። በከንፈር የምንላቸው በ፣ መ፣ ፈ ምንም አልሆኑም። ከጉሮሮ አጠገብ የሚወጡት ከ፣ ገ፣ ቀ እንደ ድሮአቸው ናቸው። መከራው ከፊት ባሉት ላይ ነው፤ ተ፣ ጠ፣ ነ፣ ሰ፣ ዘ፣ ሸ ሁሉም ምላስ ወደ ላንቃ ብቅ ብላ የምትሠራቸው ናቸው። ከሁሉም የከፋችው ጸ ናት። እርሷን ለማለት ትንፋሽን አፍኖ ድንገት መልቀቅ ያስፈልጋል፤ የታፈነው ትንፋሽ በፕላስቲኳ ጠርዝ ሲሾልክ ፉጨት ይሆናል። ጸሎት በሰሎትና በሸሎት መካከል ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ፣ እስቲ አንባቢ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ምላሱን ይከታተላት። ጤ፣ ና፣ ስ፣ ጥ፣ ል፣ ኝ፤ ከ«ይ» በቀር የሚራራልኝ ፊደል የለም። አባቶቻችን ሰላምታውን ያበጁት ላንቃው ክፍት ለሆነ ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ አንጋፋ ሠዓሊ ዘንድ ለቃለ መጠይቅ ደወልኩ። ሰላምታዬን እንደ ምንም ጨርሼ ስሜን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ጉንፋን ነው?» አሉኝ። «አይ፣ ጥርሴን ነው ጋሼ» አልኩ። «ተነቀልሽ?» «ተስተካከልኩ።» ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «ታዲያ እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ ምኑ ተስተካከለ?» አሉኝ። ቀጠሮውን ግን አልነፈጉኝም።

መድኃኒቱ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ማታ ማታ የዕለቱን ዳዊት የማነብላት እኔ ነኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከልጓሜ ጋር አነበብኩላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጽሐፉን ከምራቄ ለማዳን ነጠላዋን ታነጥፍበት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ምላስ አዲሱን ጣሪያ ለመደች፤ የት ላይ ዝቅ እንደምትል፣ የት ላይ ፈጠን እንደምትል ተማረች። እኔ አላስተማርኳትም፤ ራሷ ነች። ዛሬ በስልክ የሚያውቅብኝ የለም፤ «አመሰግናለሁ» ላይ ብቻ ትንሽ ይርሰኛል።

የምግቡ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈታም። ሪቴይነር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመብላት በቀር ሌሊትም ቀንም አይወልቅም። ፈረንጅ ምሳውን በሃያ ደቂቃ ጨርሶ መልሶ ያጠልቃታል። የእኛ አገር መብላት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ቡና ከጠራኝ፣ አቦልና ቶና በረካ እስኪደርስ፣ በመካከሉም ቆሎውና ፈንዲሻው ሲዞር፣ ጥርሶቼ ሁለት ሦስት ሰዓት ያለ ጠባቂ ይውላሉ። አንድ ሰሞን እነዚህን ሰዓታት በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ጀምሬ ነበር፤ ከጽሑፍ ክፍያዬ ይልቅ በጥንቃቄ የያዝኩት ሒሳብ እርሱ ነው። እናቴ ግን አንድ የተሻለ ነገር አየች። በጾም ቀን አፌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ፈት መሆኑን አስተውላ፣ «ይኼን የሠራው ሰው ለጾመኛ አስቦ ነው» አለች።

ሰው መካከል ማውለቅም የራሱ ጥበብ አለው። ማስታጠቢያው ሲመጣ ደህና ነው፤ ሁሉም ወደ እጁ ሲያይ ዘወር ብዬ አወልቃታለሁ፤ ወደ ሣጥኗ አስገብቼ ወደ ቦርሳዬ። ሐኪሙ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ከሶፍት ነው። በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ማለት ለአስተናጋጁ ጥረጋት ብሎ መስጠት ማለት ነው፤ ስንት ሰው ከምግብ ቤት ቆሻሻ ውስጥ ሲፈልግ እንደዋለ ነግረውኛል። ሁለተኛው ጠላት ውሻ ነው። የሰው ምራቅ ያለበትን ፕላስቲክ እንደ አጥንት ነው የሚቆረጥመው አሉ።

ጉርሻን ግን አላስጠነቀቁኝም። በአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ምሳውን በልቼ፣ ተጉመጥምጬ፣ ልጓሜን አጥልቄ በሰላም ተቀምጫለሁ። አክስቴ ከወዲያ ማዶ ተነስታ ዶሮ ወጥ የጠቀለለ ሕፃን የሚያክል ጉርሻ ይዛ መጣች። እጄን አወናጨፍኩ። «በሞቴ!» አለች። አፌን በእጄ ያዝኩ። «አፈር ስሆን!» አለች። አክስቴን አፈር ከማድረግ መጉረስ ይሻላል፤ ጎረስኩ። እንጀራው በፕላስቲኳና በላንቃዬ መካከል ገብቶ ቤት ሠራ። ማላመጥ አልቻልኩ፣ መትፋት ነውር ነው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አክስቴ ደግሞ በደስታ ያለቀስኩ መስሏት፣ አንድ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችኝ።

ይህ ሁሉ የሚለመድ ነገር ነው፤ ለምጄዋለሁም። ስለ ሪቴይነር መጻፍ የፈለግኩት ግን ስላልለመድኩት ነገር ነው።

እናቴ ፍንጭት ናት። ፍንጭቷን ያገኘችው ከእናቷ ነው፤ እርሷም ከእናቷ። በእኛ አገር ፍንጭት ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም፤ ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚያስዘጋውን እኛ የምንዘፍንለት ሕዝብ ነን። በልጅነቴ «ገጣጣ» ተብዬ እያለቀስኩ ስገባ፣ እናቴ አገጬን ይዛ «ፍንጭቷን አያዩም እንዴ እነዚህ ዕውሮች?» ትል ነበር። አጽናናችኝ ማለት አልችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ከእርሷ ወደ እኔ መተላለፉን፣ ያም ነገር በሁለት ጥርሶች መካከል ያለ ባዶ ቦታ መሆኑን በዚያ ነው ያወቅኩት።

የእኔ ነገር ችግሩ ፍንጭቱና ገጣጣነቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነበር። ወደ ፊት የተዘረጉ ጥርሶች ወደ ኋላ የሚመለሱት ክፍት ቦታ ሲገኝ ነው። ክፍት ቦታው ደግሞ ፍንጭቴ ነበረ። በየወሩ ጥርሶቼ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ በሩም አብሮ ሲጠብብ፣ በመጨረሻ ተዘጋ። ሽቦው የወለቀ ማታ እናቴ ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየችኝ። «ተስተካክሏል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «በሩን ዘጉት» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እናቴ የምትለውን ጨርሳ ዝም ስትል እንጂ ስትናገር አልፈራትም።

ለውበት መታመምን የማታውቅ ሴት አይደለችም። ጎጃም በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች፤ በእሾህና በጥላሸት። አሁንም ስትስቅ ሰማያዊ የሆነው ድዷ ከነጭ ጥርሷ በላይ ይታያል። አንድ ማታ ልጓሜን ሳጠልቅ ስታየኝ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ አንድ ጠዋት ተወጋሁ። ሳምንት አበጠ፤ ገንፎ እንኳ ማለፍ አቃተኝ። ከዚያ አለቀ። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ጠብቂኝም፣ እሰሪኝም አላለኝ። ያንቺ ቁንጅና ታስሮ ካላደረ የሚጠፋው ለምንድነው?»

መልስ ነበረኝ፤ የአጥንቱን፣ የጠፍሩን፣ የላስቲኩን። ሁሉንም አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እንግዲያው ጥርስሽ ያንቺን አላመነበትም» አለችኝ።

ሽቦው ከወለቀ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በፋሲካ ሰሞን ፕላስቲኳ ከመካከሏ ተሰነጠቀች። አልጣልኳትም፣ አልነከስኳትም፤ ፕላስቲክ ነውና ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በዚያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ብቻ ነበር የማደርጋት። ሠሪው ጋ ተላከች፤ በዓል መካከል ገባ፤ ዘጠኝ ሌሊት ያለ ልጓም አደርኩ። መናገር ነውር ካልሆነ፣ ዘጠኙም ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። የላይኛው አፌ የራሴ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን እናቴ ቡና ስትቀዳ አንድ ነገር አስቃኝ ቀና አለችና ጀበናዋን አስቀመጠች። «እስቲ ድገሚው» አለች። «ምኑን?» «ሳቁን።» በትእዛዝ መሳቅ አይሆንልኝም፤ ጥርሴን ገለጥኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ አገጬን እንደ ልጅነቴ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «መጣች!» አለች። እልል ለማለት የቀራት ጥቂት ነው። ተነስቼ መስታወት አየሁ። እውነቷን ነው። በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መካከል የጋዜጣ ወረቀት ጠርዝ የምታስገባ ጭረት ተከፍታለች። ከሦስት ዓመት በላይ የተለፋበት በር በዘጠኝ ሌሊት ገርበብ አለ። እናቴ ያንን ቀን ሙሉ ስታዜም ዋለች።

አዲሷ ልጓም በማግሥቱ ደረሰች። የተሠራችው ክሊኒኩ ካስቀመጠው የጀሶ ቅርጽ ላይ ነው፤ ጀሶው ደግሞ ፍንጭት አያውቅም። ስትገባ ጠበበችኝ፤ ጥርሶቼን ይዛ አስጨነቀቻቸው። ከማጥለቄ በፊት ግን ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ ይህችን ያህሏን ብንተዋትስ?» አልኳቸው። ሰዎች እንደዚህ ያለ ጥያቄ ያቀርቡላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አልሳቁብኝም። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተው አዩኝ። የላይ ከንፈሬን ገልብጠው፣ ከከንፈሩ ውስጥ ተነስታ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የምትወርደውን ሥጋማ ጅማት በመስታወት አሳዩኝ። «ይቺ አትለቅም፤ ፍንጭቷን ሁልጊዜ ትፈልጋታለች» አሉኝ። «ጭረቷን ጠብቆ የሚይዝ ልጓም እሠራልሽ ነበር። ያንቺ ግን የምትከፈተው ጥርሶችሽ ወደ ፊት ሲሄዱ ነው። ምላስሽ ትገፋቸዋለች። ፍንጭቷ ስትመጣ ብቻዋን አትመጣም።»

አምጣ ያሰኘኝ ፍንጭት፣ ከእርሷ ጋር የማይፈለግ ዘመድ አስከትላ ልትመጣ ነው። «ምርጫው ያንቺ ነው፤ ጥርሱ ያንቺ ነው» አሉኝ። መስኮቱ አጠገብ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ስለ ጥርሴ ሳይሆን ስለ እጄ ነበር። በዚያ ሰርግ ላይ ከተነሣነው ፎቶግራፍ በአንዱ ውስጥ አለሁ፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ እስቃለሁ። እጆቼ ሁለቱም ጭኔ ላይ ናቸው። ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ ያወቅኩት ፊቴን አልነበረም፤ እጆቼን ነበር። ማንም እንዲቀመጡ አልነገራቸውም፤ የሠላሳ ዓመት ልማዳቸውን ትተው በራሳቸው ተቀምጠዋል። ይህን ለእናቴ እንዴት አድርጌ ልንገራት? እጄ ከአፌ ላይ እንዲወርድ ያንቺን ምልክት መዝጋት ነበረብኝ ይባላል?

አጠለቅኳት። ሁለት ሌሊት አመመችኝ፤ በሦስተኛው ጠዋት ጭረቷ የለችም። እናቴ አየች፤ አልተናገረችም። ማታ ግን ዳዊቱን ካነበብኩላት በኋላ መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት፣ «ልጓምሽን አደረግሽ?» አለችኝ። አደረግኩ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየማታው ትጠይቀኛለች። ልትጠብቅልኝ ይሁን፣ የረሳሁበትን ማታ ልታገኝ ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔም አንድም ማታ አልረሳሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ እኛ ዘንድ ትውላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ወጥተዋል፤ በመካከላቸውም ስንዴ የምታሳልፍ ክፍት ቦታ አለ። እናቴ ከልጅቷ አፍ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ለጎረቤት ታሳያለች፣ ለቆሎ ሻጯ ታሳያለች፤ «ይቺን እዩልኝ፣ ዘላ ወደ እኔ መጣች» ትላለች። ልጅቷም ባገኘችው መስታወት ሁሉ ፊት ትገለጣለች።

በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ፊት ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ተራ ጠብቄያለሁና፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለው ክፍተት የብዙ ልጆች መሆኑን አውቃለሁ። በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመት ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ጎን ለጎን ይገፏቸውና፣ በብዙዎቹ ላይ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ይቀራል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ አድራ ነበር። እናቴ እጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን ስትሠራት ቆይታ፣ «አንቺ የጥርስ ነገር ተምረሻል» አለችኝ። «ይቺስ ትቆያለች አይደል?»

ልጓሜን አጥልቄ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩላት።